ሰባት ገባ፣ ሰባት ወጣ

ይድረስ ለአባቴ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? አክስቴን ስጠይቃት "ጉልበቱ ደህና ነው፤ የታመመው አፉ ነው" አለችኝ። እኔ ጤነኛ ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፤ ጣሪያው አያፈስም፣ የጓሮው በር ዛሬም ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም። ወረቀት ያነሣሁት ስልኩ ስላላዋጣኝ ነው። ስደውል "ደህና ነኝ፤ አክስትሽን ላገናኝሽ" ትላለህ፤ ስድስት ወር ሙሉ ከአንተ የሰማሁት ይህንኑ ነው። ደብዳቤን ግን ለሌላ ሰው አቀብለህ አትገላገለውም። መነጽርህን አድርግና እስከ መጨረሻው አንብበው።

መጀመሪያ የሚያስቆጣህን ልንገርህና ይውጣልህ። የመሣሪያ ሣጥንህን ለመካኒኩ ለሊቁ አልሰጠሁትም። ቅዳሜ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ ካለው ጋራዡ ጋሪ እየገፋ መጣ። "አባትሽ ራሱ ውሰደው ብሎኛል" አለኝ። አባቴ ብዙ ነገር ይላል አልኩት። "እጅ ከሄደ በኋላ መሣሪያ ምን ይሠራል?" አለ። በክፋት አይደለም፤ አፉ ከሐሳቡ እንደሚቀድም ታውቃለህ። ሄጄ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አልኩበት። ሳቀ፣ ባዶ ጋሪውን እየገፋ ተመለሰ።

እጄ ሄዷል ብለህ የተቀበልከው የእሱን ቃል ነው። መኪናችን እሜቴ ለሦስተኛ ጊዜ የፈላችበትን ቀን አልረሳሁትም። ኋላዋ ዳቦ እንደ ተጫነ፣ የሆስፒታሉ ዳገት ወገብ ላይ፣ እንፋሎቷ መንገዱን ሸፍኖት። ሊቁ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት "ሽማግሌ ሞተር ከሚገጥም ዳማ ቢጫወት ይሻለዋል" አለ። አንተ እጅህን ጠረግህ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ሰጠኸኝ፣ በሳምንቱ አክስቴ ቤት ገባህ። አብረን የሳቅንበትን ስም እንኳ ተውከው። መኪናዋን "እሜቴ" ያልካት አንተ ነህ፤ ስትነሣ ስለምትኮራ።

ያን ሞተር የቀየርክላት ሰሞን እማዬ ካረፈች ሦስት ሳምንት አልሞላም ነበር። ቤት ውስጥ መቀመጥ አልቻልክም፤ ከጠዋት እስከ ማታ መኪናዋ ሥር ነበርክ። እኔ እንደ ልጅነቴ መብራት እይዝልሃለሁ፤ አንተም እንደ ድሮህ "ፊቴን ሳይሆን ብሎኑን አብሪልኝ" ትለኛለህ። ቆሻሻ እንዳይገባ ክፍቱን የቱቦ አፍ ሁሉ በጨርቅ ወተፍከው፤ ከአሮጌ ቱታህ በቀደድካቸው፣ ቀይ ክር ባሰርክባቸው በእነዚያ በሰባቱ ሰማያዊ ጨርቆች። ስትወትፍ ጮክ ብለህ ትቆጥራለህ፣ ስታወጣም ትቆጥራለህ። እማዬ "የዚህ ሰው ጸሎት ይቺ ናት" ትል የነበረው ትዝ ይልሃል? ያን ቀንም ሰባት ገባ፣ ሰባት ወጣ። አጠገብህ ነበርኩ፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

በዚያው ሳምንት ነው የእማዬ የወጥ ቤት ጨርቅ፣ ቢጫ አበባ ያለባት፣ ጠፋች ብዬ ቤቱን የገለበጥኩት። አንተን ብጠይቅህ "እንኳን ጨርቅ፣ ራሴንም የት እንዳስቀመጥኩ አላውቅም" አልከኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

አንተ ከሄድክ በኋላ እሜቴን ውሃ እያጠጣሁ ስነዳት ከረምኩ። ሁለት ጀሪካን ሳልይዝ ከቤት አልወጣም፤ ዳገት ካየሁ እዞራለሁ። ሊቁ ጓርኒሲዮኗ፣ የሞተሩ ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል አለ። ሌላው መካኒክ ቴስታታው፣ የሞተሩ አናት፣ ተሰንጥቋል አለ። ሁሉም የተስማሙት ሞተሩ ይውረድ በሚለው ነው። ባለፈው ሐሙስ ደግሞ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ እንደምታውቀው የማይቆጣ ሰው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ አንድ ቀን ደግመሽ ካረፈድሽ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ" አለኝ። የጮኸ ሰው እንደዚያ አያስፈራም።

ከማውረዴ በፊት አንድ ጊዜ ልየው አልኩ። መብራት ስይዝ የኖርኩት ለከንቱ አይደለም። የሙቀት መለኪያው እየወጣ የመኪናው ማሞቂያ ግን ቀዝቃዛ አየር ነው የሚነፋው። አንተ "ሞተር እየጋለ ማሞቂያ ከቀዘቀዘ ውስጡ አየር ተቀምጧል" ትል ነበር። ይህ ሞተር ደግሞ ከቀድሞው ይረዝማል፤ አናቱ ከራዲያተሩ አፍ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። በራዲያተሩ የቱንም ያህል ብሞላ ውሃው ታች ይቀራል፣ አየሩ ላይ ይነግሣል።

ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ያለውን ዳገት ታውቀዋለህ። አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጌ አቆምኳት፤ ከኋላ ጎማዎቿ ሥር ድንጋይ አስገባሁ። እስክትበርድ ጠበቅሁ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ። የውሃ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጬ ራዲያተሩ ላይ ደፋሁትና በእሱ ቀስ እያልኩ ሞላሁ፤ ወፍራሙን ቱቦ እንደ ላም ጡት እያለብኩ። ከዚያ ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን ቀጭኑን ቱቦ ከላይ ካለው ጫፉ አላላሁት። መጀመሪያ ያፏጫል፣ ቀጥሎ ይተፋል፣ ከዚያ ይፈስሳል ትል ነበር። አላፏጨም፣ አልተፋም። አንተ ስልክ ላይ እንደምትሆነው ዝም አለኝ።

ያን ጊዜ ቱቦውን ከሁለቱም ጫፍ ፈትቼ አወጣሁት። አዲሱ ሞተር ከአሮጌው በአንድ ቱቦ እንደሚበልጥ፣ ሰባቱ ጨርቅም እንደማይበቃው ልብ ያልኩት እዚያ ነው።

መልሼ ሳልገጥመው፣ ከውስጡ የወጣውን እጄ ላይ ይዤ፣ ድንጋይ ላይ ጥቂት ተቀመጥኩ። የዳቦ ቤቱ ዘበኛ መጥቶ "ደከመሽ እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩት።

ስገጥመውና እንደገና ስሞላ ግን ፉጨቱን ብትሰማው! ረጅም ፉጨት፤ ከዚያ ዝገት የቀላቀለ አረፋ እጅጌዬ ላይ ተፋ፤ ከዚያ ንጹሕ ውሃ። አጠበቅሁት። የራዲያተሩን ክዳን ሳልገጥም ሞተሩን አስነሣሁ። ትልልቅ አረፋ ወጣ፣ ከዚያ ትንንሽ፣ ከዚያ ቆመ። ውሃው ወረደ፣ ጨመርኩ፤ ሦስት ሊትር ያህል ጠጣች። ከዚያ በኋላ ማሞቂያው ፊቴን ለበለበው። መስኮት ሳልከፍት እያላበኝ ነዳሁ።

ዓርብ ሙሉ ጭነት ይዛ የሆስፒታሉን ዳገት ወጣች። የመለኪያው ቀስት መሐል ላይ ቀጥ እንዳለ ነው። በሊቁ በር ሁለት ጊዜ ያለ ሥራ አለፍኩ፤ ይቅር በለኝ። ቅዳሜ ከሣጥኑ ጉዳይ በኋላ ከሰዓት ሳይጠራ ተመልሶ መጣ፤ ክዳኗን ከፍቶ አየ፣ አሸተተ።

"ጓርኒሲዮኑ?" አለ። ደህና ነው አልኩ።

"ታዲያ ምን ነበር?"

"አየር።"

"አየር ብቻ?"

"አየር ብቻ" አልኩት።  ከዚያ የብሎን መፍቻ ካቻቢቴውን ኪሱ እየከተተ "እንዲህ አድርጎ ሞተር ያስቀመጠ ሰው አላየሁም። የዳማውን ነገር ትቼዋለሁ በይው" አለኝ። አደራ ስለሆነ ይኸው አድርሻለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሁለተኛዋም መኪናው እንደ እሜቴ እንድትሆንለት ይፈልጋል። ሞተሩን ገዝቶ አስቀምጦታል። አባቴ ይመጣል ብዬዋለሁ፤ ሳላስፈቅድህ ቃል ገብቼብሃለሁ። ጉልበትህ ካመመህ እኔ ከሥር እገባለሁ፤ አንተ ከላይ ሆነህ ትቆጣለህ። ቆጠራውን ግን ሁለታችንም እንቆጥራለን፤ አንተ ጮክ ብለህ፣ እኔ በጣቴ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። አንድ ሰው ብቻውን በዚያ ሰሞን ያን ሁሉ መሸከሙ ነው የሚገርመኝ።

የእማዬ ጨርቅ ተገኝታለች። ሦስት ጊዜ አጠብኳት፤ ዝገቱ ለቀቀ፣ አበባው አለ። ወጥ ቤት አልመለስኳትም። ከሰባቱ ጋር ምስማሩ ላይ ሰቅያታለሁ፤ ለእሷም ቀይ ክር አስሬላታለሁ።

አክስቴን ሳምልኝ። ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ እጅህን ያቆይልኝ። የሣጥኑ ቁልፍ ቦታው ላይ ነው።

መብራት ያዥህ፣
ልጅህ