ጥለቱ ወደ ታች

ወይንሸትዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከመንፈቅ ሆነን። ደህና ነኝ። ሳልዋሽ «ደህና ነኝ» ብዬ ስጽፍልሽ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አደራሽ ተፈጽሟል፤ ሚዶሪ ተመርቃለች። ልጃችን ማርታ ወደ ግሪን ቫሊ ሰፈር ሄዳ ክፍሏ ባዶ ሲቀር አንቺ ያስገባሻት ጃፓናዊት፣ ሆስፒታል ተኝተሽ እንኳ «ሳትጨርስ ከቤት እንዳትወጣ» ያልሽኝ ልጅ። ቃሌን አጥፌ አላውቅም። ይኸኛው ግን ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረውም ነበር።

ታውቂኛለሽ፣ እንግሊዝኛውንም የመኪና ጥገናውንም ያስተማረኝ ሰው የለም። ሰው ጨርቅ ለመስፋት ባሕር ተሻግሮ ዩኒቨርሲቲ መግባቱ እስካሁን አልገባኝም። ሥራዋን ሳይ ግን ወንበር ስቤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አሮጌ ጨርቅ በጨርቅ ላይ ትደርባለች። የተቀደደውን አትደብቀውም፤ ዙሪያውን በነጭ ክር ጥቅጥቅ አድርጋ ትሰፋዋለች። ድሮ በአገሯ ገበሬዎች ልብሳቸውን የሚጠግኑት እንዲህ ነበር አለችኝ። መዳፍ የምታህል ቦታ ቀኑን ሙሉ ትፈጅባታለች፤ ካልጣማት ደግሞ ትፈታውና እንደገና ትጀምራለች።

ከገና በኋላ መምህሯ «ሥራሽ ንጹሕ ነው፣ አንቺ ግን የለሽበትም» አሏት። በነጋታው ሻንጣዋን ሳሎን አውጥታ፣ ወደ አገሬ እመለሳለሁ አለች። ሻንጣውን መልሼ ክፍሏ አስገባሁና «ይህ የወይንሸት ቤት ነው፤ ወይንሸት አልፈቀደችም» አልኳት። አለቀሰች። አላባበልኳትም። ዓይኗን ጠርጋ፣ በዚህ ቤት ማንም የማይለብሰው ልብስ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

ልብስሽን ለማንም አልሰጥም ብዬ ከማርታ ጋር ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። ለዚች ግን ቁም ሳጥኑን ከፈትኩላት። የመረጠችው አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላሽን ነው። ትዝ ይልሻል? ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ለካዚኖው የሥራ ሺፍትሽ እንዳይረፍድብሽ ስንከንፍ የመኪናው በር ይዞት የተቀደደው። እኔ በር እንዴት እንደሚዘጋ ሳስተምርሽ አንቺ መንገዱን ሙሉ ትስቂ ነበር። መቀስ እንዳይነካው አልኳት፤ አልነካውም። ቅዳዱ ላይ ለወራት ተቀመጠች።

የመመረቂያ ሥራዋ ለኤግዚቢሽን በቀረበበት ቀን ማርታ ይዛኝ ሄደች። ነጠላሽ አዳራሹ መሐል ተንጠልጥሏል። ስፌቱ በብርሃኑ ላይ ያምራል፤ ጥለቱ ግን ወደ ላይ ነው። ሚዶሪን ሰው ሁሉ እየሰማ «ገልብጪው!» አልኳት። ማርታ ክንዴን ይዛ «ዳዲ፣ ፕሊስ፣ ሰው እያየን ነው!» አለችኝ። መምህሯ እንዲህም ያምራል አሉ። ስለ ማማሩ አልጠየቅኳቸውም። ሚዶሪ ደንግጣ፣ ሴቶቹ ሲለብሱት ያየሁት እንዲህ ነው አለች። እውነቷን ነው። እሁድ ማለዳ ለብሰሽ ስትወጪ እሷ ተኝታ ነው፤ ነጠላ ያየችው በቀብርሽ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ደግሞ ሁሉም ጥለቱን ወደ አንገታቸው አድርገው ነበር።

እሱ የሐዘን አለባበስ ነው፣ ዓመቷ አልፏል፣ ሐዘኑም አብቅቷል አልኳቸው። መሰላል መጣ፤ እኔው ደግፌ ያዝኩት። ጥለቱ ወደ ታች ሲወርድ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወጪ መሰልሽኝ።

ይሄኔ ማርታ የሸሚዜን እጅጌ ሳብ አድርጋ «ዳዲ፣ ነጠላው ሐዘን ጨረሰ አልክ። አንተስ?» አለችኝ። ከቀብርሽ ጀምሮ ጥቁር ነበር የምለብሰው፤ ሙት ዓመትሽ ሲያልፍም ዘመድ ቢለምነኝ፣ ቄሱ ቢመክሩኝ እንቢ ብዬ ነበር። ጥቁሩን እጅጌዬን ቁልቁል አየሁት። ስረታ አይተሽኝ አታውቂም፣ አመለጠሽ።

ሚዶሪ አለፈች። መምህሯ፣ አሁን አለሽበት አሏት። ወደ አገሯ ልትሄድ ስትል ነጠላውን ልተውልዎ ብላኝ ነበር፤ ይዘሽው ሂጂ አልኳት። የቀረውን ልብስሽን ማርታ ለቤተ ክርስቲያን ወሰደችው። ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው ግን እንደ በፊቱ ደረቴን አይጫነኝም።

ዛሬ ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ረሳት የሚሉ አይጠፉም፤ ይበሉ። እኔ በሕይወት እስካለሁ አስብሻለሁ። የተጠራጠረ በሩን አንኳኩቶ ይግባና ስለ አንቺ ይጠይቀኝ፤ እስኪመሽ አወራለታለሁ።

ባልሽ