ጉቶውን ሳያዩ እንጨት ያልነኩት ጊታር ሠሪ

ለማመን ቢያስቸግርም እዚህ የሚነበበው ሁሉ እውነት ነው፤ ጸሐፊው፣ የሟቹ የእኅት ልጅ ታረቀኝ፣ ሬሳ ሣጥናቸው ፊት ቆሞ ይምላል።

አቶ ሽታው ከበደ ከአባታቸው ከአቶ ከበደ መኮንንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩአየሁ አሰፋ በ1947 ዓ.ም. አምባሰል፣ ውጫሌ አጠገብ ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው፣ የመምህሩን ወንበር እግር ለክራር ቆርጠው ስለወሰዱ ተባረሩ። በዕድሜ ዘመናቸው ያለ ፈቃድ የወሰዱት እንጨት እሱ ብቻ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ሐይቅ ከተማ ወርደው ክራርና ጊታር መሥራት ጀመሩ። ወይዘሮ የሺሀረግን አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። ጉቶውን በዓይናቸው ሳያዩ እንጨት አይገዙም ነበር፤ ነፋስ የጣለውን ዛፍና የፈረሰ ቤት በር ይለቅሙ ነበር። ደንበኛ ሸሻቸው፤ እሳቸውም ደንበኛውን ሰድበው ሸኙት።

በ2008 ዓ.ም. ጣውላ ነጋዴው ታናሽ ወንድማቸው አቶ ዝናው የሚያምር ዋንዛ አመጡላቸው። በጣታቸው ቢያንኳኩት ጣውላው ቅዳሴ አጉረመረመ። ወደ ደብሩ ግቢ ሄደው ቢያዩ ያለ ፈቃድ የተቆረጠው ዋንዛ ጉቶ ገና እርጥብ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አቶ ዝናው በገበያ ባለፉ ቁጥር አቶ ሽታው "ሌባ!" ይሏቸው ነበር፤ ወንድማቸው ባሉበት ድግስም እህል አልቀመሱም።

ባለፈው ክረምት አቶ ሽታው ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ያዙ። አቶ ዝናው ለእርቅ መጡ፤ ይዘው የመጡትም የዋንዛ ሬሳ ሣጥን ነበር።

"ጋሼ፣ ለክብርዎ ብዬ ነው።"

አቶ ሽታው በወይዘሮ የሺሀረግ ትከሻ ተደግፈው ተነሡና ሣጥኑን አንኳኩ። "ጉቶውስ?"

"አሁን ጉቶ ይጠየቃል እንዴ?"

"የሌባ ጣውላ ለብሼ ፈጣሪ ፊት ልቁም? ውሰድልኝ!"

በማግስቱ የግቢያቸውን ባሕር ዛፍ አስቆረጡ። ዛሬ በፊታችሁ ያለው ሣጥን እሱ ነው፤ ጉቶው በራቸው ላይ አለ፤ የተጠራጠረ ሄዶ ይይ።

አቶ ሽታው ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም. "ዝናውን ይቅር ብዬዋለሁ" ብለው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸውና ወንድማቸው ቀርተዋል። ነፍሳቸውን መጥረቢያ በማይደርስበት ጥላ ያሳርፍልን።

ጸሐፊው ግን ምሏልና አንዲት ነገር ያርም፤ ይቅርታዋን የጨመራት እሱ ነው። አቶ ሽታው ያሉት "ዝናው እንዳይሸከመኝ" ነው። እንግዲህ ጋሼ ዝናው፣ እጅዎን ከሣጥኑ ላይ ያንሡ።