ሳሙናው ሳይለቀለቅ የጸደቀው አንቀጽ

እኔ በዚህ ሰፈር የሰው ራስና አገጭ ሳስተካክል ያረጀሁ፣ ወዳጅም ጠላትም «ምላጩ» እያለ የሚጠራኝ ጸጉር አስተካካይ፣ ዛሬ ማክሰኞ ኅዳር ሦስት ቀን፣ እግሬ ቢከዳኝም አእምሮዬ ሳይጓደል፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ አልጋዬ ላይ ተደግፌ የመጨረሻ ቃሌን ለምስክሮቼ ሰጥቻለሁ። አእምሮዬን የሚጠራጠር ቢኖር፣ ዛሬ ጠዋት እዚሁ አልጋ ላይ ሆኜ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን ላጭቼዋለሁ። ደም አልወጣም። ሁለቱም ጆሮዎቹ በቦታቸው ናቸው።

አንደኛ፤ ይህ ቤት ለባለቤቴ ይሁን። በወንድሟና በእኔ መካከል ተቀምጣ «እባካችሁ ምሳችንን በሰላም እንብላ» ስትል ኖራለች። ልጆቼ፣ ቢያንስ ጣራውን በሰላም ተዉላት።

ሁለተኛ፤ የሚሽከረከረው የጸጉር ቤቴ ወንበር ለባለቤቴ ወንድም ለኢንጂነሩ ይሰጥ። እሱ የሚያወራው ሌላ ስለሆነ ምክንያቱን በዝርዝር ማስመዝገብ ግድ ብሎኛል።

ኢንጂነሩ የውኃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በነበረ ጊዜ ከቧንቧችን የሚወርደው ነገር ጠዋት ሻይ፣ ከሰዓት በኋላ ጭቃ ይመስል ነበር። የሽማግሌ ሽበት አጥቤ ስጨርስ ቀልቶ ይወጣል። አንዱ ቀለም ቀባኸኝ ብሎ ተጣልቶኛል፤ ሌላው ወጣትነቴን መለስክልኝ ብሎ መርቆኛል። ሴት ልጄ በዚያ ውኃ ታማ ሆስፒታል ስትተኛ ግን መሳቅ አቃተኝ። ንጹሕ ውኃ የሰው ሁሉ መብት ነው የሚል አንቀጽ በከተማው ደንብ እንዲገባ ፊርማ ማሰባሰብ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው። ደንበኛዬን አስቀምጬ፣ አገጩን ሳሙና ቀብቼ፣ ምላጬን ጉሮሮው ላይ አሳርፌ «በጉዳዩ ላይ ምን ታስባለህ?» እለዋለሁ። የተቃወመ አላጋጠመኝም። ኢንጂነሩ ይህን ማስፈራራት ይለዋል፤ እኔ ውይይት እለዋለሁ።

የከተማው ምክር ቤት ግን አንቀጹ በቀረበ ቁጥር ኢንጂነሩን ይጠይቃል፤ እሱም «ውኃው ንጹሕ ነው፤ ያልታጠበው የሕዝቡ ብርጭቆ ነው» ብሎ ይመልሳል። አንቀጹም ይወድቃል። እንደገና ሊታይ በተቀጠረበት ቀን፣ ኢንጂነሩ አምሮበት ለመቅረብ ፈልጎ ወደ እኔ መጣ። ምክር ቤቱ ከጸጉር ቤቴ ፊት ለፊት ነው፤ ዘመድ ደግሞ በነጻ ያስተካክላል። ጸጉሩን ከረከምኩ፣ ራሱን በሳሙና አረፋ ሸፈንኩና ቧንቧውን ከፈትኩ። ቧንቧው ሁለት ጊዜ ካስነጠሰ በኋላ አንድ ጭልፋ የሚሆን ጭቃ ተፍቶ ዝም አለ።

«ምን ሆነ? ዓይኔን አቃጠለኝ እኮ!»

«ውኃህ መጥቷል፤ ልለቅልቅህ?»

በአንድ ዓይኑ አጮልቆ አየ። «ይሄንን? እኔ ራስ ላይ? አብደሃል እንዴ!»

«ንጹሕ ነው ስትል ሰምቼ ነዋ።»

«ጋሼ፣ በእህቴ ይዤሃለሁ፤ የታሸገ ውኃ የለህም?»

«አለኝ። ልጄ የምትጠጣው ነው። ለጸጉር አላባክነውም።»

በዚህ መሐል የምክር ቤቱ ዘበኛ ከመንገድ ማዶ «ኢንጂነር፣ ተራዎ ደርሷል!» ብሎ ተጣራ። ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ እንደታሰረ እጁን ይዤ አሻገርኩት። አዳራሹ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ለኮት መስቀያው እጅ ነሳና ንግግሩን ጀመረ። ሰብሳቢው «ክቡርነትዎ፣ እኛ ወዲህ ነን» አሉት። ዞረ።

«እንደተለመደው ይንገሩን። ውኃው ንጹሕ ነው አይደለም?»

አፉን ሲከፍት አረፋው ገባበት። «ቱ!» አለ። ቃለ ጉባኤ ያዡ «ኃላፊው ቱ ብለዋል» ብሎ ጻፈ።

«ታዲያ ለምን ሳይታጠቡ መጡ?»

ኢንጂነሩ በነጩ ጨርቅ ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። በመጨረሻ፣ ምስክሮቼ ሆይ፣ ከልቡ ሲናገር ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁት፤ «በምን ልታጠብ?» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ፤ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ቢደበድቡም እሳቸውም ይስቁ ነበር። ሳቁ ሲበርድ ለድምፅ እጅ ወጣ፤ አንቀጹ ጸደቀ። ኢንጂነሩም አረፋው እንደ ነጭ ቆብ ደርቆበት ወጣ። ለረጅም ጊዜ ኩርፊያ ሆነ፤ ሰላምታ የምንለዋወጠው በባለቤቴ በኩል ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ግን «ለሕዝቡ ብዬ ያቀናበርኩት ስልት ነው» እያለ ያወራል።

ይህ ሲጻፍ ግርጌዬ ተቀምጦ ነበር። ቃሌን የሚጽፈው ጸሐፊ ወራሽ ምስክር መሆን እንደማይችል ቢያስረዳው «ምስክርነቱ ይቅርብኝ፣ ወንበሩን እወስዳለሁ። ግን ስልት ነበር የሚለውም ይጻፍልኝ» አለ። ተጽፎለታል።

ሦስተኛ፤ ጸጉር ቤቱና ምላጮቼ ለሴት ልጄ ይሁኑ። ጸጉር መቁረጥ አትችልም፤ አንድ ጊዜ ወንድሟን ቆርጣው ወር ሙሉ በኮፍያ ተምሯል። ጠበቃ ግን ነች። ከላይ ዳገቱ ላይ ያሉት ሰዎች አንቀጹ እንጂ ቧንቧው አልደረሳቸውም። ልጄ፣ ጸጉር ቤቱን ቢሮ አድርጊውና ክሰሽ አስዘርጊላቸው። ወንድ ልጄ ሬዲዮኔን ይውሰድ፤ ድሮም ያለ እሱ የሚነካው አልነበረም።

በመጨረሻም፤ ስሞት አስከሬኔ ከዚሁ ቤት ቧንቧ በሚወርድ ውኃ ይታጠብ። ውኃው ደፍርሶ ከመጣ አትቅበሩኝ። ተሸክማችሁ ምክር ቤቱ ደጃፍ ላይ አስቀምጡኝ፤ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። እኔ እንደሆንኩ የምቸኩልበት ጉዳይ አይኖረኝም።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ «አንተ ሰውዬ፣ ሞተህም ስብሰባ ልትሄድ ነው?» ብላ ተነሥታ ወጥታ ነበር። ቧንቧው ሲከፈት ሁላችንም ሰማን። በብርጭቆ ቀድታ መጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ለእኔ ሰጠችኝ።

«ለዛሬ ጥሩ ነው» አለች። «ይሄን ብለህ ደግሞ ለመሄድ እንዳትጣደፍ።»

ጠጥቻለሁ። ቃሌ ተነብቦልኝ የእኔው መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ።

ተናዛዡ፦ ምላጩ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
ልብስ ሰፊው (ፊርማ)
ፋርማሲስቷ (ፊርማ)
ጡረተኛው መምህር (ፊርማ፤ እየሳቁ ስለፈረሙ ጠመም ብሏል)

ጸሐፊ፦ የሰፈሩ ማመልከቻ ጸሐፊ (ፊርማ)