አንድ መርዶ ይዤ ሄጄ ሁለት ይዤ ተመለስሁ

ለልጅ ልጄ ለየኔአለም፣ ባለሽበት ቤሩት ይድረስሽ።

እንደምን አለሽልኝ? እንደምን አደርሽ፣ እንደምን ዋልሽ፣ እንደምን አመሸሽ? ሦስቱንም ባንድ ላይ የጠየቅሁሽ ይህች ወረቀት በየትኛው ሰዓት ካንቺ እንደምትደርስ ስለማላውቅ ነው፤ የሚስማማሽን መርጠሽ ውሰጂ። እንቅልፍሽስ ተመለሰ? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ እንደ ልጅነትሽ ሲከፋሽ አፍሽን ትዘጊያለሽ? እኛ ያቆየን አምላክ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። አያትሽ ሐረግ ደህና ናት፤ እኔን የምትቆጣበት ጉልበት አላነሳትም። እኔም ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከእኔ በፊት የተወለደ ይመስል ቀድሞኝ አርጅቷል።

በእጅ ጽሑፌ አትሳቂ። ወንድምሽ ወንድዬ ልጻፍልዎ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልሁት። መሠረተ ትምህርት የተማርሁት ለዛሬ ነው ብዬ ራሴ ተቀመጥሁ። ይህ ነገር በሌላ ሰው እጅ የሚጻፍ አይደለም።

ድምፅሽን ያሲን አመጣልኝ። እዚህ ስልክ ከተቋረጠ ሰንብቷል፤ ያሲን ለሱቁ ዕቃ ሊያመጣ ደሴ ሲወርድ የላክሽውን ተቀብሎ በስልኩ ይዞት መጣ። ከሱቁ ጓዳ አስገባኝና በሩን ዘግቶ ከፈተልኝ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ‹‹አባባ›› ያልሽው ነገር ዐረብኛ ዐረብኛ ሸተተኝና፣ ይቺ ልጅ ልትጠፋብን ነው ብዬ ለያሲን ልነግረው ስዞር እሱ አንገቱን ደፍቷል። እሱ መንገድ ላይ ሰምቶት ኖሯል። ከዚያ እኔም ሰማሁ።

ፈይዛ፣ ያቺ የወረኢሉዋ ልጅ፣ ባንድ አውሮፕላን አብራሽ የወጣችው። አሠሪዎቿ ጦርነቱ ሲመጣ በላይዋ ላይ ቆልፈው መሄዳቸውን፣ ሕንፃው መመታቱን፣ በሁለተኛው ቀን መገኘቷን ተናገርሽ። አንዲት የሱዳን ሴት አጥባ ገነዘቻት አልሽ፤ የመስጊዱ ሰዎች ሰገዱባት፤ እናንተ አራት የሐበሻ ልጆች ከመቃብሩ በር ላይ ቆማችሁ ዋላችሁ። የእናቷም ስልክ እንደኛው ዝግ ስለሆነ ‹‹አባባ፣ ለእናቷ እርስዎ ይንገሩልኝ›› አልሽኝ። ከዚያም ቀስ ብለሽ ‹‹እኔስ ልመለስ?›› ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሁለቱንም ሰምቻለሁ። የሁለተኛውን መልስ ወደ ታች ታገኝዋለሽ፤ መልስ ከሆነ።

ትዝ ይልሻል፣ በሄድሽ ሰሞን በስልክ እንፎካከር ነበር። አንቺ ከዚያ አንድ ነገር ትጠሪያለሽ፣ እኔ ከዚህ ጠርቼ እበልጥሻለሁ። የእመቤቴ ውሻ የራሱ ሐኪም አለው ስትዪኝ፣ የእኛው ውሻ ደግሞ ለሐኪሙ በሽተኛ ያቀርባል አልሁሽ። አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው ስትዪኝ፣ እኛ ደመናውን ቁልቁል እናየዋለን፣ አንቺ ገና ሽቅብ ታዪዋለሽ አልሁሽ። ሐረግ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

ዘንድሮ ያ ጨዋታ ተበላሸ። እዚያ ትምህርት ቤቱ በተፈናቃይ ሞልቶ ተዘጋ አልሽ፤ እዚህ ተማሪ ቀርቶበት ተዘጋ፤ ወንድዬ ይኸው ያንኑ ያንድ ዓመት ደብተር ደጋግሞ ያነባል። አንቺ ሰማዩ ሲያጉረመርም ደረጃ ሥር ትገቢያለሽ፤ እኛም በጠራ ሰማይ የሚያጉረመርም ነገር ስንሰማ ከብቱን ከሜዳ ትተን ቤት እንገባለን። ድሮ ሰማይ ሲያጉረመርም ዝናብ መጣ ብሎ ደስ የሚለው ገበሬ ነበር ይህ ሁሉ ሰው። እዚያ በር ቆልፈውባችሁ ይሄዳሉ፤ እዚህም መንገዱ ተቆልፎብናል። ቁልፉን ማን እንደያዘው አልጽፍልሽም፤ ወረቀት እንደ አያትሽ እንደ ሐረግ ነው፣ የነገሩትን አይደብቅም። እንግዲህ ማን በለጠ? እኩል ወጣን ልጄ። እንዲህ ያለውን እኩልነት ለጠላትም አይስጠው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የቅሬያችን፣ የቀብር ዕድራችን፣ ጠሪ ሆኜ ሠላሳ ዓመት መኖሬን ታውቂያለሽ። ክርስቲያንም ይሁን እስላም ሰው ሲሞት ከጉብታው ላይ ሆኜ ስጣራ ያልተነሣ ጎረቤት አልነበረም። ዛሬ ጉብታው ላይ ቆሞ የሚጮህ ሰው ለሌላ ነገር ምልክት የሚሰጥ ይመስላል ተብሎ ጥሪው ቀረ፤ በየቤቱ እየዞርሁ በሹክሹክታ ነው ሞት የምናገረው። ብቻ የመርዶን ሕግ አልረሳሁም። ጎህ ሲቀድ ይነገራል፤ ብዙ ሆኖ ይኬዳል፤ አስቀድሞ ከቤቱ ወንዶች ላንዱ ይነገርና እሱ ሰው ይሰበስባል። ትንሽ ሆነሽ ለምን በጠዋት ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ የሰማው ሰው ሌሊቱን ብቻውን እንዳያለቅስ ነው ብዬሽ ነበር።

በሕጉ መሠረት መጀመሪያ የፈይዛን ወንድም ሁዜይፋን ላገኝ መስከረም ሃያ አራት ቀን ዱላዬን ይዤ ተነሣሁ። ያሲን አብሬህ ልሂድ ቢለኝ፣ ለወንድሟ ብቻ ነግሬ እመለሳለሁ፣ ለእናትየው ስንሄድ ትመጣለህ አልሁት። ሚኒባሱ ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ከዚህ ወዲያ አልሄድም አለ። እርስዎ ሽማግሌ ምን ያስፈራዎታል፣ ዕድሜዎን ጨርሰዋል ብሎ ሹፌሩ ቀለደብኝ። የእኔን ስጨርስ ካንተ ልበደር ነው የመጣሁት አልሁትና ወርጄ በእግሬ ቀጠልሁ። አንድ ኬላ ላይ ጠመንጃ የያዘ ጎረምሳ አባቴ ወዴት ነው አለኝ። ለልጅ ልጄ ሚስት ልጠይቅ ሽምግልና እየሄድሁ ነው አልሁት። እህት ካላት ለእኔም አንዷን ብሎ ሳቀና አሳለፈኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ዞር ብዬ ጥቂት እንደ ሄድሁ ግን ቁጭ አልሁ። በአፌ ሠርግ፣ በሆዴ መርዶ። ሰማንያ ዓመት የቀለድሁ ሰው፣ አፌ ያን ቀን መረረኝ።

የአንድ ቀኑን መንገድ ባራት ቀን ጨርሼ ከዘይነባ ደጅ ደረስሁ። የፈይዛ እናት ዘይነባን ታስታውሻታለሽ፤ ሁለታችሁን ስንሸኝ ደሴ መናኸሪያ ላይ ካንዲት ሳህን አብረን በልተናል። ከደጇ ዳስ ተጥሎ ሰው ተቀምጧል። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል አልሁ። ይህን ላንቺ ብቻ ነው የምጽፈው፤ ከመናገር ዳንሁ ብዬ ልቤ ቀለል አለው። ይቅር ይበለኝ። ገብቼ ከወንዶቹ መሐል ተቀመጥሁና ፈይዛን ስሟን ጠርቼ ላለቅስ አፌን ስከፍት፣ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ‹‹ሁዜይፋን የመሰለ ልጅ!›› ብለው አነቡ።

አፌ እንደ ተከፈተ ቀረ።

ሁዜይፋ ከሞተ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር። በሬ ሊሸጥ ወደ ገበያ ሲነዳ መንገድ ላይ ተኩስ ተነሣ፤ ከየት እንደ መጣች የማትታወቅ ጥይት እዚያው አስቀረችው። በሬው ብቻውን ተመልሶ ከደጃፉ ቆመ፤ እናቱም ያወቀችው በዚያ ነው። ለእሷ መርዶ የነገራት በሬ ነው ልጄ። ሕጉን የማያውቅ።

ዘይነባ ስታየኝ ጉልበቴ ላይ ወድቃ ‹‹ከመካነ ሰላም ድረስ ለእኔ ልጅ! ዕድሜዎን ያርዝመው አባቴ›› አለች። ለለቅሶ የመጣሁ መስሏት ነዋ። ምን ልበላት? እግዜር ያጽናሽ አልሁ። ኋላ ሰው ቀለል ሲል ወደ ጓዳ ጠራችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ለመነችኝ። ፈይዛ የወንድሟን ሞት እንዳትሰማ አለችኝ። ‹‹በሰው አገር ብቻዋን ናት፤ ማን ይዟት ታለቅሳለች? የእርስዎ ልጅ አብራት ስላለች እሷም እንዳትነግራት አደራ ይበሉልኝ። ስትመጣ ራሴ እነግራታለሁ።››

ከእኔም ከየኔአለምም አፍ አትሰማም ብዬ ማልሁላት። ስዋሽ የኖርሁ ሰው እንዲህ ያለ እውነት ምዬ አላውቅም።

ከዚያ ደግሞ እዚያም ጦርነት ገብቷል ይላሉ፣ ልጄ እንዴት ናት ብላ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። የኔአለም እስከ መጨረሻው ካጠገቧ አልተለየችም አልኋት። ‹‹አልሐምዱሊላህ›› አለችና እጆቿን ዘርግታ ለሁለታችሁም ዱአ አደረገች። በሰላም ትመለስልኝ፣ ከአውሮፕላን ስትወርድ ያሳየኝ እያለች። እኔ አሚን አልሁ። አሚን ማለት እንዲህ እንደሚከብድ የነገረኝ አልነበረም። ልሄድ ስል በቅቤ ያሸችውን ጭኮ በጣሳ አድርጋ፣ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካገኙ ለፈይዛ ይስደዱልኝ፣ ከሁሉ ምግብ እሱን ትወዳለች ብላ ሰጠችኝ። ተሸክሜው ተመለስሁ።

ቤት ስገባ ለሐረግና ለያሲን ነገርኋቸው። ያን ምሽት ሦስታችን ተከራከርን። ሐረግ፣ አንዲት እናት ስንት ትችላለች፣ የሁዜይፋ አርባ ይውጣ፣ ቁስሏ ትንሽ ይድረቅ አለች። እኔም ከእሷ ጋር ነበርሁ፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ያን ደጅ ደግሜ ላለማየት ነው። ያሲን ግን ‹‹ለሞተ ሰው የሚደርሰው ዱአ ነው›› አለ። ‹‹የፈይዛ እናት ሌት ተቀን ለልጇ ዱአ ታደርጋለች፤ በሕይወት ላለች ልጅ ነው ግን የምታደርገው። እኛ ዝም ባልን ቁጥር ፈይዛ ከመቃብሯ ሆና የእናቷን ዱአ እየተቀማች ነው።›› ሐረግ ነጠላዋን ወደ ዐይኗ አነሣች። ከዚያ በኋላ የተከራከረ የለም።

ስለዚህ ቀኑን ቆርጠናል። ጥቅምት አሥራ አራት ሐሙስ ጠዋት፣ ጎህ ሲቀድ። ያሲን ለዘይነባ አገር ሼህና ለራሷ ለዘይነባ ወንድም እንዲያውቁት ሰው ልኳል፤ እነሱ ጎረቤቱን ይሰበስባሉ። ከእኛ ቅሬ አምስት ሰው እንሄዳለን፤ ያሲንና ሁለት እስላሞች፣ እኔና አንድ ቄስ። ጭኮውንም ይዤ እሄዳለሁ፤ አደራ ነውና ለባለቤቱ ይመለሳል። እኔ ምን ብዬ እንደምጀምር ግን ገና አላወቅሁም። መጀመሪያ የምትጠይቀኝን አውቃለሁ፤ ማን አጠባት፣ ማን ሰገደባት፣ ብቻዋን ነበረች ወይ። ያንን መልስ አንቺ ስለሰጠሽኝ ነው የምሄደው። እዚያ መቃብር በር ላይ የቆማችሁት አራት ልጆች ባትኖሩ፣ ወላሂ፣ አልሄድም ነበር።

አንድ ነገር ልለምንሽ። ወንድዬ በደብተሩ አስልቶ የእናንተና የእኛ ጧት በዚህ ወር እኩል ነው ብሎኛል፤ እኛ አሥራ ሁለት ሰዓት ስንል እናንተ ስድስት ትላላችሁ እንጂ ሰዓቱ ያው ነው። ሐሙስ በዚያች ሰዓት ሦስቱን ልጆች ሰብስበሽ መሬት ላይ ቁጭ በሉ። ያቺ የሱዳን ሴት ከተገኘች እሷንም ጥሯት። እኛ እዚህ ስንነግራት እናንተ እዚያ አልቅሱ፤ አንድ ለቅሶ ይሁን። አገር ሁሉ ተቆልፎ ለቅሶ እንኳ ተለያይቶ አይለቀስ። ዘይነባም ማን ይዟት ታለቅሳለች ላለችው፣ ልጆቿ በዚያም በዚህም ይዘዋታል እላታለሁ።

ልመለስ ላልሽኝ፤ ነይ እንዳልልሽ መንገዱን በእግሬ አይቼዋለሁ፤ ቅሪ እንዳልልሽ ሰማዩን ነግረሽኛል። የማውቀው አንድ ነው። የመጣሽ ቀን ኬላው ላይ ላለው ጎረምሳ ሙሽራዬን ልቀበል ነው ብዬ እመጣለሁ፤ ያን ጊዜ ቢስቅ አብሬው እስቃለሁ። እስከዚያ ማንም በላይሽ ላይ በር እንዳይቆልፍ፤ ቁልፍ ካንገትሽ አይለይ። አብሽሪ ልጄ።

አያትሽ ሐረግ ሁለቱን ጉንጭሽን ሳመችሽ፤ እየበላች ነው ብለህ ጻፍ ብላኛለች፣ የምትበዪው አንቺ ይሁን እሷ አልገባኝም። ወንድዬ ሰላም ብሎሻል፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እጽፍላታለሁ ይላል። ጎረቤታችን ብርሀንነሽ ሰላም ብላሻለች፤ ለጥምቀት ቀሚስ ብትልክልኝ ብላ ነበር፣ አሁን ቀሚሱ ይቅር እሷን ያምጣልኝ ብላለች። ያሲን ሰላም ብሎሻል፤ ይህችን ወረቀት ደሴ ወርዶ በስልኩ ፎቶ አንስቶ የሚልክልሽ እሱ ነው፤ ከእኔ እጅ ይልቅ የእሱን ፎቶ አነሣስ ብትነቅፊ ይሻላል።

ዘይነባም ሰላም ብላሻለች። ‹‹ለሁለቱም ልጆቼ›› ነው ያለችው፣ ጣሳውን ስትሰጠኝ። አንዱን ሰላምታ አንቺ ውሰጂ። ሁለተኛውን ከዚያ ከመቃብሩ በር አልፈሽ ገብተሽ ለፈይዛ አድርሺልኝ።

አያትሽ ቢተው
መካነ ሰላም፣ ጥቅምት ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.