ነጠላሽን አይቼዋለሁ

ልጄ ሳምሪ፣ የምትረግጪው መሬት ሁሉ ይለስልስልሽ። እኛ እዚህ በኬንያው ሞያሌ ደህና ነን። ዝናቡ ጥሏል፤ የዳበል መንደር አርብቶ አደሮችም ፍየላቸውን እየነዱ ገብተዋል። ሱቁን አሁን የምከፍተው እኔ ነኝ።

ኦሳካ፣ የዓለም ኤክስፖው መድረክ ላይ ስትጨፍሪ የጎረቤታችን ልጅ ኢክራን በስልኳ አሳየችኝ። እሷ ለእስክስታሽ አጨበጨበች። እኔ ግን ዓይኔ ነጠላሽ ላይ ቀረ። ጓደኞችሽ ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገውታል፤ አንቺ ብቻ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀሽ ለብሰሻል። ለካ ሰምተሻል!

አባትሽን ከቀበርነው ሦስት ሳምንት ሆነው። በደወልሽ ቁጥር “ተኝቷል” የምልሽ መርዶ በስልክ አይነገርም ብዬ ነው። አንቺን ውልሽ እስከ ጥቅምት አይለቅሽም። እኔን ደግሞ ከዋልዳ የስደተኞች ካምፕ ዘመን ጀምሮ ኪፓንዴ፣ የኬንያ መታወቂያ፣ የለሽም እያሉ ከኬላው ይመልሱኛል። ታዲያ ማን ደጅሽ ድረስ መጥቶ ያርዳሽ?

አንቺም እንዳልሰማ ሰው “አባዬን ሳሚልኝ” ትይኛለሽ፤ ለእኔ ብለሽ ነው። ይብቃን፣ ልጄ። እመብርሃን እንባሽን ትጥረግልሽ፣ ከሰው አገር በደህና ትመልስሽ። እሑድ ደውዪልኝ፤ “ተኝቷል” አልልሽም።

እናትሽ እታለማሁ