መንትዮቹ በሁለት ትምህርት ቤት

ልጄ፣ ጤናህን ያብዛልኝ፤ በሄድክበት ሁሉ ይቅናህ። እኛ ደህና ነን፤ የአባትህም ወገብ ተሽሎት ወደ ስፌቱ ተመልሷል።

መንትዮቹ እህቶችህ ስምንተኛን ጨርሰው፣ በፈተና መርጦ ለሚቀበለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተፈተኑ። ያለፈችው ትንሿ ብቻ ናት። «ያለሷ አልሄድም፤ ሁሉን የሚቀበለው የሰፈራችን ይበቃኛል» ብላ ድርቅ አለች። ታላቋ ግን፣ «እኔን ሰበብ አታድርጊ! ነገ ሲቆጭሽ ልትረግሚኝ ነው?» ብላ ተቆጣቻት። በማግስቱ እጇን ይዛ ወስዳ አስመዘገበቻት።

አሁን ማታ ማታ የየትምህርት ቤታቸውን ወሬ እየተሻሙ ጆሯችንን ያደነቁሩናል። አባትህ «ሁለት ሬዲዮ ባንዴ ከፈትን» እያለ ይስቃል።

ብቻ አደራ፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስላለፈችው ነው። አንተ ስትደውል አስቀድመህ የታላቋን ትምህርት ቤት ጠይቅልኝ። አንተንም በሰው አገር ጠያቂ አያሳጣህ።

እናትህ