ዝቅ የሚል ጊታር

ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድማ ለተወለደችውና በዚህችው ሁለት ዓመት ምክንያት ዕድሜ ልኬን ስታዘኝ ለኖረችው እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለሽ? ካርድ ክፍሉ አሁንም ለሦስት ሰው አንድ ወንበር ነው ወይስ ጨመሩላችሁ? ባለቤትሽ እንደምን አለ? የሚጢጢዋ ልጅሽ የፊት ጥርስ በቀለ ወይ? አባዬስ ከሬዲዮ ዜና አንባቢው ጋር መጨቃጨቁን ተወ ወይስ አሁንም መልስ ይሰጠዋል? እማዬ ግፊቷን በሰዓቱ ትለካለች? አንቺ እንደምትለኪላት አውቃለሁ፤ ግን ሳልጠይቅላት ከቀረሁ እንደምትቀየም ደግሞ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። እንዲያውም በዚህ ሳምንት ከደህናም በላይ ነኝ፤ ምክንያቱን ቶሎ ልንገርሽ ብዬ ሰላምታውን ካሳጠርኩት አትታዘቢኝ።

እታለም፣ ጊታር ገዛሁ። ኤሌክትሪክ ጊታር። ይህን ስጽፍልሽ እሱ ጉልበቴ ላይ ተጋድሞ ነው፤ ወረቀቱን ያስደገፍኩት ጀርባው ላይ ነው። መስመሬ የተጣመመው በዚያ ምክንያት ነው እንጂ አልሰከርኩም። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እኔ ስለ ዘፈን ባነሳሁ ቁጥር አንቺ ጋ ኔትወርክ ይጠፋል። ደብዳቤ ላይ ኔትወርክ አይጠፋም። ደግሞም ከጊታሩ ጋር አብሮ የሚመጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ይቅርታ አለብኝ፤ እሱን በስልክ አልችለውም።

ነገሩን የጀመረችው እማዬ ናት። ባለፈው ወር በስልክ ስንጫወት፣ ዕቃ ስታጥቢ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፍተሽ እንደምትዘፍኚ ነገረችኝ። ውሃው ሲዘጋ ድምፅሽም አብሮ ይዘጋል አለችኝ። እሷ የተናደደችው በውሃው መባከን ነው። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ለምን እንደምትከፍቺው አውቃለሁና።

የወላጆችን ቀን ታስታውሻለሽ፤ ብትረሺው ደስ ባለኝ። ትምህርት ቤቱ የነበረው አንድ ጊታር ነው። የሙዚቃ አስተማሪያችን ክር የሚያጠብቁትና የሚያላሉት መቃኛዎች ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጎ፣ ይህን ምልክት ያዛነፈ ወየውለት ብሎን ነበር። እኔም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ጊታሩን የምይዘው እኔ ነኝ ብዬ መሬት አልበቃኝም። አንቺ በደብተርሽ ጀርባ የጻፍሽውን ዘፈን ስንለማመድ፣ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርሺ ጉሮሮሽ ተጨነቀና ትንሽ ዝቅ አይልም ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። መልሴን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ጊታር ዝቅ አይልም፤ አንቺ ከፍ በዪ» አልኩሽ። በማግስቱ በዚያ ሁሉ ወላጅ ፊት፣ እዚያችው ቦታ ላይ ድምፅሽ ተሰበረ። ልጆቹ ሳቁ። አንቺ ማይኩን ወንበር ላይ አስቀምጠሽ በጓሮ በር ወጣሽ። እኔ ብቻዬን እስከ መጨረሻው መታሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ለጠየቀኝ ሁሉ የእህቴ ድምፅ ለጊታር አይሆንም እያልኩ አወራሁ። ይህን የመጨረሻውን ታውቂው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ነኝ ያልኩት።

እንግዲህ ከእማዬ ወሬ ወዲህ ጊታር፣ ጊታር የሚል ነገር ያዘኝ። ወርክሾፕ ውስጥ የአውቶቡስ ወንበር ሳለብስ ጣቶቼ ስፖንጁ ላይ ይመታሉ። ግን ገዝቼ የት ልመታው? የምኖረው ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ጋር መሆኑን ነግሬሻለሁ፤ በአልጋዎቻችን መሃል ያለው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። እሱ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ፣ እኔ ከሥራ በምመለስበት ሰዓት ይተኛል። ሳል እንኳ ሲመጣብኝ ኮሪደር ወጥቼ ነው የምስለው።

መላውን ያመጣልኝ አጠገቤ ቆሞ ቆዳና ጨርቅ የሚቆርጠው ባልደረባዬ ነው። ቆራጩ የማያውቀው ነገር የለም፤ ከሚያውቀው ውስጥ ግማሹ እውነት ይሆናል። ይሄኛው እውነት ሆነ። ጊታርን ከላፕቶፕ ጋር የምታገናኝ መዳፍ የምታክል ሣጥን አለች፤ የራሱን አዋሰኝ። ላፕቶፑ ላይ ደግሞ አምፕሊፋየር የሚያስመስል ሶፍትዌር ጫነልኝ። ከፈለግሽ ትንሹን፣ ከፈለግሽ አዳራሽ የሚያናውጠውን ከስክሪኑ ላይ መርጠሽ ቁልፎቹን እንደ እውነተኛው ታዞሪያለሽ። ድምፁ የሚወጣው በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። እኔ ጆሮ ውስጥ መብረቅ ሲወርድ ጋጋሪው ያንኮራፋል።

ባለፈው ቅዳሜ ላፕቶፔን ከቆዳ ቁርጥራጭ በሰፋሁት ቦርሳ አንግቼ ጊታር ወደሚሸጥበት ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ራሳቸው የሚጠግኑ፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሽማግሌ ናቸው። በአቅሜ የሚገኙት ሦስት ጊታሮች ነበሩ። ያው የሥራ ነገር ሆኖብኝ መጀመሪያ ያየሁት ልባሱን ነው፤ ቀዩ አሁን የታጠበ መኪና ይመስላል። ከትልቁ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝተውልኝ አንዴ ስመታው ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። በቃ ይሄ ነው፣ ጠቅልሉልኝ አልኩ።

እሳቸው ግን የት ልትጫወትበት ነው ብለው ጠየቁኝ። በክፍሌ፣ በላፕቶፕ፣ በማዳመጫ፣ የሚተኛ ሰው ስላለ፣ ብዬ አስረዳኋቸው። ወዲያው ሄደው ትልቁን አጠፉት። አሁን ያማረህ የእሱ ድምፅ ነው፣ እሱን ደግሞ ይዘኸው አትሄድም አሉኝ። ላፕቶፕህን አውጣና እቤትህ እንደምትጫወተው ተጫወት አሉኝ።

ቀዩ ከላፕቶፑ ጋር ሲገናኝ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ሆነ። ከክሮቹ ሥር ድምፁን የሚለቅሙት ማግኔቶች ነጠላ ነጠላ ስለሆኑ፣ የላፕቶፑንና የኤሌክትሪኩንም እዝዝታ አብረው ይለቅማሉ። ሶፍትዌሩ ላይ ድምፁን ባጠነከርኩ ቁጥር ዝንቡም ይጠነክራል። ሁለተኛው፣ ጥቁሩ፣ ጸጥ ያለ ነው፤ ግን አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች ጫፋቸው እጅ ይልጣል፣ ክሩን ሳብ ሳደርገው ደግሞ ቅኝቱ ይሸሻል። ሶፍትዌር አምፕሊፋየር ይሆንልሃል እንጂ የተጣመመ አንገት አያቀናልህም አሉ ባለሱቁ። ሦስተኛው ጥግ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለብሷል። ቀለሙ የመሥሪያ ቤት ኮሪደር ቀለም ነው፣ ጀርባው ተጭሯል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ስናገናኘው ዝንቡ ዝም አለ። ማግኔቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሠሩ ስለሆነ አንዱ የለቀመውን እዝዝታ ሌላው ያጠፋዋል አሉኝ። አንገቱም ቀጥ ያለ ነው።

ከዚያ ያላሰብኩትን ነገር አደረጉ። መቃኛዎቹን ይዘው ክሮቹን አንድ በአንድ ወደ ታች ማላላት ጀመሩ። እታለም፣ እጃቸውን ያዝኳቸው። የማላውቃቸውን ሽማግሌ፣ በገዛ ሱቃቸው ውስጥ። እሱ እኮ አይዞርም አልኳቸው። አስተማሪያችን ነጩን ቀለም ይዞ ከኋላዬ የቆመ መሰለኝ። እሳቸው ዝቅ ብሎም ተመልሶም ቅኝቱን ይይዝ እንደሆነ ልየው ብዬ ነው አሉና፣ ይልቅ አንተ ምን አስደነገጠህ አሉኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስለ ወላጆች ቀን፣ ስለ ምልክቱ፣ ስላንቺ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ አልሳቁም። «ድምፅዋ ወፍራም ከሆነ ዝቅ ታደርግላታለህ» አሉኝ። «ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

ሁለት ደቂቃ። አሥራ ሁለት ዓመት ቧንቧ ያስከፈተሽ ነገር ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነበር። ጉሮሮሽ ምንም አልሆነም እታለም፤ ያኔም ምንም አልሆነም። አልዞርም ያለው የእኔ እጅ ነው። ካርድ ክፍል ሆነሽ የታካሚ ስም ስትጠሪ ኮሪደሩ በሙሉ ጸጥ ይላል ብሎ ባለቤትሽ አጫውቶኛል። ለጊታር አይሆንም ያልኩት እሱን ድምፅ ነው። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ ይቅር በዪኝ።

ያ የኮሪደር ቀለም ያለው ጊታር ዝቅ ሲል እሺ አለ፣ ሲመለስም እሺ አለ፣ ቅኝቱን አልለቀቀም። እኔም እሱን ወሰድኩ። ሲላላ እንዳይንጣጣ ብለው ወፈር ያለ ክር ቀየሩልኝ። መንገዱን ሁሉ አቅፌው ስሄድ ሰዎች ዞር እያሉ ያዩኝ ነበር፤ ለካ ጮክ ብዬ እያንጎራጎርኩ ኖሯል።

ከሰኞ እስከ ትናንት ዘፈንሽን ስቀዳ ሰነበትኩ። ግጥሙን አንድም ቃል አልረሳሁትም። ሶፍትዌሩ ራሱ ቅኝት ዝቅ የሚያደርግበት ቁልፍ አለው፤ ነገር ግን ጣቴ የሚነካው ሌላ፣ ጆሮዬ የሚሰማው ሌላ ሲሆን ግራ ገባኝና መቃኛውን በእጄ አዞርኩት። እውነቱን ለመናገር ማዞሩም አምሮኝ ነበር። አምፕሊፋየሩን ደግሞ አንድ በአንድ ሞክሬ ከሁሉም ትንሿን መረጥኩ፤ ትልልቆቹ ድምፅሽን ይሸፍኑታል። የቀዳሁት ሦስት ጊዜ ነው፤ አንዱን አንድ እርከን፣ አንዱን ሁለት፣ አንዱን ሦስት ዝቅ አድርጌ። ድምፅሽ የት እንደሚያርፍ አላውቅማ። ያኔ አልጠየቅኩሽም፣ አሁን እየጠየቅኩሽ ነው።

ደብዳቤውንና ዘፈኑ ያለበትን ፍላሽ የሚያመጣልሽ ጋጋሪው ራሱ ነው። ዕረፍት ወጥቶ እዚያው እናንተ ከተማ ያሉት ቤተሰቦቹ ዘንድ አሥር ቀን ይቆያል። ሳምንቱን ሙሉ ከመጋረጃው ጀርባ የሰማው የክሩን ጢቅ ጢቅ ብቻ ስለሆነ ሽቦ የምፍቅ መስሎታል። አሰማኝ ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ መጀመሪያ የምትሰሚው አንቺ ነሽ። ፍላሹን የባለቤትሽ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ፣ የሚስማማሽን መርጠሽ፣ ጊታሩን በማዳመጫ እየሰማሽ ድምፅሽን በስልክሽ ቅጂውና እዚያው ፍላሹ ላይ ክተችው። ማገናኘቱን ለእኔ ተዪው። በሩን ብትዘጊው መብትሽ ነው፤ ቧንቧው ግን አይከፈትም። አልፈልግም ብትዪኝም አልቀየምሽም። ደህና፣ እቀየማለሁ፣ ግን አላሳይሽም።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ዜና አንባቢውን እንዳይለቀው በዪው። ባለቤትሽን ኮምፒውተሩን ስላዋሰን አመስግኚልኝ፤ ማዋሱን ገና ባይሰማም። ሚጢጢዋን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ጥርሷ ከበቀለም እሱን በፎቶ ላኪልኝ። እማዬን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝና ግፊቷን መጠየቄን ንገሪያት። የጎረቤት ሳህን ባዶውን መልሳ እንደማታውቅም አስታውሻት፤ ጋጋሪው ፍላሹን ሊወስድ ሲመጣ፣ ያላንቺ ድምፅ እንዳይመለስ እሷ በር ላይ ትቁምልኝ።

ዝቅ ማለት የተማረው ታናሽሽ

ከመጋረጃው ወዲህ ካለችው አልጋዬ ላይ
ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ የካቲት ፲፬ ቀን